መቁጠሪያ፣ ቅዱስ ንባብ፣ መዝሙረ ዳዊት ወይስ የኅሊና ምርመራ? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖር ካቶሊክ የዕለት ጸሎት መምረጫ

ሌሊት ተነሥቶ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻ ለጠዋት ፈረቃ የሚደርስ ሠራተኛ አለ። ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ዓይኗን መግለጥ የሚያቅታት እናት አለች። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ተማሪ አለ፤ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ጸሎታቸውን ግን በቃላቸው የያዙ እናቶችም አሉ። «በየቀኑ ጸልዩ» የሚለው ምክር ለሁሉም ነው፤ የሚይዙት ጸሎት ግን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ብዙ ሰው በጾም መግቢያ በጋለ ስሜት ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል። ሲጠየቅ «እምነቴ ደከመ» ይላል። ጠጋ ብለው ቢያዩት ግን የመረጠው ጸሎት ከሚውልበት ቀን ጋር አልገጠመም።

እዚህ የምናወዳድራቸው ጸሎቶች አራት ናቸው፤ የመቁጠሪያ ጸሎት፣ ቅዱስ ንባብ፣ መዝሙረ ዳዊት ከውዳሴ ማርያም ጋር፣ እና የኅሊና ምርመራ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለሚጠይቁት ስለ ቅዱስ ቁርባን ስግደትና ስለ ፍኖተ መስቀል በአጭሩ እናነሣለን። የእሑድ ቅዳሴ፣ ቅዱስ ቁርባንና ምሥጢረ ንስሐ በንጽጽሩ ውስጥ የሉም፤ እነሱ የሚመረጡና የሚተዉ አይደሉም፣ የግል ጸሎት ሁሉ የሚቀዳው ከእነሱ ነው። ይሁን እንጂ በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቋቋመው፣ ካቶሊኮች በቁጥር ጥቂት ነን፤ ተራርቀንም ነው የምንኖረው። ከእሑድ እስከ እሑድ ያለውን ስድስት ቀን የሚሸከመው በቤት የሚደረገው ጸሎት ነው። ምርጫው ትልቅ ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከመምረጥዎ በፊት

አንድ ወረቀት ይውሰዱና ያለፈውን ሳምንት ሦስት ተራ ቀናት ይጻፉበት። መቼ ተነሡ? ብቻዎን የሆኑበት ሰዓት የትኛው ነበር? ስንት ደቂቃ ቆየ? ቢኖረኝ ብለው የሚመኙትን ሰዓት ትተው በእርግጥ የነበረውን ይጻፉ። «ከጠዋቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ» ብሎ ዕቅድ ማውጣት ቀላል ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ፣ ከጦሳ ሥር ውርጭ በሚወርድበት ንጋት፣ ያንን ዕቅድ ከብርድ ልብስ ውስጥ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፈተናው ይገለበጣል፤ ንጋቱ ምቹ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ሙቀት ግን የተቀመጠን ሰው ያስተኛል።

ከዚያ ሁለት ነገር ራስዎን ይጠይቁ። ጸሎት በሚያደርጉበት ሰዓት የሚደክመው አካልዎ ነው ወይስ አእምሮዎ? ቀኑን ሙሉ ሲያነብ፣ ሲቆጥር፣ ሲጽፍ የዋለ ሰው ማታ ሌላ ንባብ አይሆንለትም፤ በእጁ የሚይዘው ነገር ይሻለዋል። በጉልበቱ ሲሠራ የዋለ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ አንዲት ገጽ ማንበብ ያሳርፈዋል። ሌላው፣ የሚጸልዩት ብቻዎን ነው ወይስ ከቤተ ሰብ ጋር? ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማድረግ መሞከር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል።

መቁጠሪያ

የመቁጠሪያ ጸሎት ትልቁ ጥቅም መጽሐፍም፣ መብራትም፣ ጸጥታም የግድ አለመፈለጉ ነው። አምስቱን ምሥጢራት፣ ማለትም ከጌታና ከእመቤታችን ሕይወት የሚታሰቡትን አምስት ክንውኖች፣ ሳይቸኩሉ ለመድገም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ያልቃል። ማንበብ የማይችል ሰው ከሚያነበው እኩል የሚጸልየው ጸሎት ነው። ለቤተ ሰብም የሚመቸው ይኸው ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል።

ሲገዙ ይጠንቀቁ። በገበያ በብዛት የሚገኘው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው ሲሆን፣ የሚደገምበትም ጸሎት ሌላ ነው። የካቶሊኩ 59 ፍሬ አለው፤ አሥር አሥር ፍሬ ያላቸው አምስት ክፍሎች፣ በየመካከላቸው ለብቻ የተለየች አንዲት ፍሬ፣ እና መስቀሉ ያለበት አጭር ዘለላ። ቆጥረው ይግዙ። ለመንገድ የሚሆን፣ አሥር ጉብታ ያለው የጣት ቀለበትም አለ፤ ሰው በተጨናነቀበት መኪና ውስጥ ከረጅሙ ይልቅ እሱ ይመቻል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። አማትበው መስቀሉን ይዘው ጸሎተ ሃይማኖት፤ በመጀመሪያዋ ፍሬ አባታችን ሆይ፤ በሦስቱ ፍሬዎች «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ»፣ ለእምነት፣ ለተስፋና ለፍቅር፤ ከዚያ ስብሐት ለአብ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ምሥጢር በስሙ ጠርተው አንድ አባታችን ሆይ፣ አሥር «ጸጋን የተሞላሽ»፣ አንድ ስብሐት። ይህ አምስት ጊዜ ይደገማል። የደስታ ምሥጢራት ሰኞና ቅዳሜ፣ የሐዘን ማክሰኞና ዓርብ፣ የክብር ረቡዕና እሑድ፣ የብርሃን ሐሙስ ይጸለያሉ። የብርሃን ምሥጢራትን የጨመሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሲሆኑ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2002 ነው፤ ከዚያ በፊት የታተመ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ በእጅዎ ካለ ሐሙስ ላይ የደስታን ምሥጢር ያዝዛል፣ ግራ አይጋቡ።

የሚበላሸው የት ነው? ፍጥነቱ ላይ። በቤተ ሰብ ሲጸለይ መሪው ሳይጨርስ ተቀባዩ ይጀምራል፤ ሁለቱ ድምፆች ይደራረቡና ጸሎቱ ጥድፊያ ይሆናል። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ቃሉ በአፍ ሲለመድ ልብ ቀድሞ ይወጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በ«ጸጋን የተሞላሽ» የመጀመሪያ እኩሌታ መጨረሻ ላይ የኢየሱስ ስም ይጠራል፤ እዚያ ላይ የአንዲት ትንፋሽ ያህል ይቁሙ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በዚያው ዘመን ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የዚህ ጸሎት ማዕከል ያ ስም መሆኑን አስተምረዋል። ሌላው ጉድለት ምሥጢሩን በስሙ ብቻ ጠርቶ ማለፍ ነው። ከእያንዳንዱ አሥር በፊት ሁለት ወይም ሦስት የወንጌል ቁጥር ማንበብ ሁሉን ነገር ይለውጣል፤ ለደስታ ምሥጢራት ሉቃስ 1፥26-38፣ 1፥39-56፣ 2፥1-20፣ 2፥22-38 እና 2፥41-52 በቅደም ተከተል ይበቃሉ። ሙሉውን ሳይሆን ከየክፍሉ ጥቂት ቁጥር ይምረጡ።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት አምስቱን ምሥጢራት በአንድ ማታ ማስጨረስ ስሕተት ነው ብለን እናምናለን። ልጁ የሚማረው ጸሎት ማለት የሚያንቀላፉበት ነገር እንደሆነ ነው። አንዲት አሥር ብቻ፣ በየቀኑ፣ ልጁ ራሱ እየመራ ትበልጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። የካቶሊክ ዓለም የመቁጠሪያ ወር የሚለው ጥቅምት የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 አካባቢ ይገባል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ደግሞ ወርኃ ጽጌ ነው፤ አገሩ ሁሉ እመቤታችንን በአበባ የሚያመሰግንበት ጊዜ፣ የወሎ ተራራም አደይ የሚለብስበት። መቁጠሪያን ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ወቅት አናውቅም።

ቅዱስ ንባብ

በላቲን ሌክሲዮ ዲቪና የሚባለው ነው። አራቱን ደረጃዎች በሥርዓት የጻፋቸው በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረ ዳግማዊ ጊጎ የተባለ የካርቱዚያን መነኩሴ ሲሆን፣ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ዝም ብሎ መኖር ይላቸዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ እግዚአብሔር ቃል ባወጡት ሰነድ፣ ንባቡ በተግባር ካልተፈጸመ እንደማያልቅ አክለዋል። ከአራቱ አማራጮች በጣም የሚያሳድገውም፣ በጣም የሚቋረጠውም ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

በመጀመሪያ መጽሐፉ። በብዛት የሚሸጠው 66 መጻሕፍት ያሉት እትም ነው። የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ 73 ነው፤ ብሉይ 46፣ ሐዲስ 27። ሲገዙ ማውጫውን ገልጠው ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክና ሁለቱ መቃብያን መኖራቸውን ይዩ። 66ቱ ብቻ ካለዎት ለመጀመር አይከለክልም፤ አራቱ ወንጌላት እዚያም አሉ። በስልክ ማንበብ ይቻላል፣ ግን ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ ይቀይሩት። አንዲት መልእክት ብልጭ ካለች በኋላ ወደ ቃሉ የሚመለስ ልብ ብርቅ ነው።

ቀጥሎ የሚነበበው ክፍል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የሚገኙት የዕለት ንባቦች በአብዛኛው የላቲን ሥርዓት ናቸው፤ የግዕዝ ሥርዓት ቁምስና ደግሞ በግጻዌ፣ የየዕለቱን የቅዳሴ ንባብ በሚያወጣው መጽሐፍ፣ ይሄዳል፣ ትንሣኤንም ከአገሩ ጋር ያከብራል። ስለዚህ በሳምንቱ ሲያሰላስሉ የቆዩት ወንጌል እሑድ ቅዳሴ ላይ ከሚነበበው ጋር ላይገጥም ይችላል። ምክራችን ይህ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ወይም ዲያቆኑን የሚቀጥለው እሑድ ወንጌል የትኛው እንደሆነ ጠይቀው ይሂዱ፤ ከሰኞ ጀምሮ ያንኑ ክፍል በትንሽ በትንሹ ያንብቡ። በዐቢይ ጾም ይህ በጣም ቀላል ነው፣ የእሑዶቹ ስም ራሱ ይነግርዎታልና። መፃጉዕ ዮሐንስ 5 ነው፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፥14-30፣ ኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3። ከጾም ውጭ ደግሞ የማርቆስን ወንጌል ከመጀመሪያው ይያዙ፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አጭር አጭር ታሪክ አለው፣ ለጀማሪ የሚከብድ ረጅም ንግግር አይበዛበትም።

ሃያ ደቂቃ ካለዎት እንዲህ ይከፋፍሉት። ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡና መንፈስ ቅዱስን ይለምኑ። አምስት ደቂቃ ክፍሉን ሁለት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥተው፣ በዝግታ ያንብቡ፤ ከ7 እስከ 12 ቁጥር ይበቃል። ስድስት ደቂቃ ልብዎን የያዘችውን አንዲት ቃል ወይም ሐረግ ያመንዥኩ፤ የጥንት መነኮሳት ላም ሣሯን መልሳ እንደምታኘክ ነው የሚሉት፣ ያንኑ ነው የምንለው። አምስት ደቂቃ ያች ቃል ያነሣችብዎትን ለእግዚአብሔር በራስዎ አማርኛ ይንገሩት። የመጨረሻዋን ሁለት ደቂቃ ምንም አይበሉ።

ለምሳሌ ማርቆስ 10፥46-52ን ይያዙ፤ ዕውሩ በርጤሜዎስ በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጠበት። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ብቻ ይከተሉ፤ ማን ጮኸ? ማን ዝም በል አለው? ማን ቆመ? በሁለተኛው አንድ ቦታ ይያዝዎታል። አንዱን ሰው የጣለው ልብስ ይይዘዋል፤ ለማኝ ያለው ያ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ጥሎት ተነሣ። ሌላውን ኢየሱስ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ያለው ጥያቄ ይይዘዋል። ዕውር ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ጌታ ግን ከአፉ መስማት ፈለገ። ሁለቱንም አይያዙ፤ አንዱን ይምረጡና እሱ ላይ ይቆዩ። ጥያቄው ከያዘዎት ጸሎትዎ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጡት እውነተኛ መልስ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የሚፈልገውን እንደማያውቅ ያገኘዋል፣ ያም ጥሩ ጸሎት ነው።

የሚያበላሹት ነገሮች ብዙ ናቸው። ጥናት የሚያደርገው አለ፤ የቃሉን ትርጉም፣ የከተማውን ታሪክ እየፈለገ ሃያው ደቂቃ ያልቃል። ጥናት መልካም ነው፣ ሌላ ሰዓት ይስጡት። ለሌላ ሰው የሚያነብ አለ፤ «ይህችን እገሌ ቢሰማት!» ሲል ቃሉ ከራሱ አልፎ ይሄዳል። መጽሐፉን እንደመጣለት ገልጦ ጣቱ የነካውን ቁጥር ለዛሬ የተላከ መልእክት ነው የሚል አለ፤ ይህ ወደ ጥንቆላ የሚጠጋ ልማድ ነውና ፈጽሞ ይተዉት። ረጅም ክፍል የሚይዝም አለ፤ ሙሉ ምዕራፍ ላነበበ ሰው ለማሰላሰል የሚተርፍ ደቂቃ የለም። ያልገባዎትን ወይም ያስደነገጠዎትን ክፍል ደግሞ ለብቻዎ ፍርድ አይስጡበት፤ ጽፈው ለካህን ያቅርቡት።

የመጨረሻው ነገር ተግባር ነው። ከንባቡ አንዲት ነገር ይዘው ይውጡ፤ ትንሽ፣ የምትታይ፣ ዛሬ የምታልቅ። «የበለጠ አፍቃሪ እሆናለሁ» ተግባር አይደለም። «ትናንት የጮህኩበትን የባጃጅ ሹፌር ዛሬ ሳገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» ተግባር ነው።

መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም

በግዕዝ ሥርዓት ያደገ ሰው ይህን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህ (ጠዋት)፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሥራ ያለው ሰው ሰባቱን አይጨርስም፤ ነግህንና ሠርክን ወይም ንዋምን መያዝ ግን ይችላል። ከቅዱስ ንባብ የሚለየው ቃሉን እርስዎ አለመምረጥዎ ነው። ዳዊት ሲያለቅስ ያለቅሳሉ፣ ሲደሰት ይደሰታሉ፣ ልብዎ የዚያን ቀን የትም ይሁን። የራሱ ቃል ለጠፋበት፣ ኀዘን ላይ ላለ ሰው ከሁሉም ይልቅ ይህ ይሻላል ብለን እንመክራለን።

ለመጀመር ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ መዝሙር በቂ ነው። ጠዋት 62ኛው፣ ማታ 140ኛው፣ ከመተኛት በፊት 4ኛው ወይም 90ኛው፣ ዓርብ ዓርብ 50ኛው። እነዚህ ቁጥሮች በግዕዙ ቆጠራ ናቸው። በዕብራይስጡ ቆጠራ የታተመ መጽሐፍ ከያዙ፣ ከ4ኛው በቀር ለሁሉም አንድ ይጨምሩ፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22፣ በሌላው 23 የሆነው ለዚህ ነው። ከቤተ ሰብ ጋር የሚጸልዩ ሰዎች ሁለት ዓይነት እትም ይዘው ሲጨቃጨቁ ይህን ማወቅ ይረዳል። ጠዋት ላይ የዘካርያስን ጸሎት፣ ሉቃስ 1፥68-79፣ ማታ የእመቤታችንን፣ ሉቃስ 1፥46-55 ያክሉ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት ስለተከፈለ የዕለቱን ብቻ መድገም ነው፤ በፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፣ በዚያው መቀጠል ይቀላል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ግዕዙን ሳይረዱ መድገም። ዜማውና ክብሩ ይማርካል፤ ነገር ግን ለግል ጸሎት በሳምንት አንዱን ቀን አማርኛውን ጎን ለጎን ይዞ ማንበብ ይገባል። ሁለተኛው ጠላትን የሚረግሙት መዝሙሮች ናቸው። የላቲን ሥርዓት የሰዓታት ጸሎት በዕብራይስጡ ቆጠራ 58ን፣ 83ንና 109ን ጨርሶ አውጥቷቸዋል። እርስዎም እስኪለምዱ ድረስ ሊያልፏቸው ይችላሉ፤ ከጎረቤት ጋር በተጣሉ ሳምንት ግን በፍጹም አይያዟቸው።

የኅሊና ምርመራ

የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መንገድ ነው፤ መንፈሳዊ ልምምዶች የተባለው መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1548 ነው። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈልጋል። መብራት ቢጠፋም ይደረጋል፣ መጽሐፍ አይጠይቅም። በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ከአራቱ በጣም የሚስማማው ይህ ነው፤ ቀኑ ያለቀው ከሌሊቱ 5 ሰዓትም ይሁን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ምርመራው ከሥራ መውጫ ጋር ይሄዳል።

አምስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ለቀኑ ምስጋና፣ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ በዝርዝር፤ «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አይበቃም፣ ጎረቤትዎ በረካ እስኪወጣ ድረስ ቡና ያጠጣችዎትን ይጥቀሱ። ከዚያ ራስዎን በእግዚአብሔር ዓይን ለማየት ብርሃን መለመን፣ አንድ ደቂቃ። ሦስተኛው ቀኑን ከጠዋት እስከ አሁን በሰዓት በሰዓት ማለፍ፣ አምስት ደቂቃ፤ የት ወደ እግዚአብሔር ቀረብኩ? የት ራቅኩ? ምን ተናገርኩ፣ ምን ተውኩ? አራተኛው ንስሐ፣ ሁለት ደቂቃ። የመጨረሻው የነገን አንድ አስቸጋሪ ሰዓት ለይቶ ጸጋ መለመን።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን እርምጃ ዘሎ በቀጥታ ኃጢአት መቁጠር ይጀምራል፤ ምስጋና የሌለበት ምርመራ በሳምንት ውስጥ ራስን መክሰስ ይሆናል፣ ከዚያ ሰውየው ይሸሸዋል። ቅደም ተከተሉ ከንቱ አይደለም፣ የተቀበልነውን ካላየን የበደልነውን በትክክል አናየውም። በተፈጥሮው ኅሊናው የሚያስጨንቀው፣ የተናዘዘውን ደግሞ ደጋግሞ የሚናዘዝ ሰው ይህን ጸሎት ያለ ንስሐ አባቱ ምክር ባይጀምር ይሻላል፤ ለእሱ መቁጠሪያ ይቀለዋል። ሌላው ጉድለት እንቅልፍ ነው። አልጋ ላይ ተኝተው አይመርምሩ፤ ከራት በፊት ወይም ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድርጉት።

ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ የሚችሉ ከሆነ

ቅዱስ ቁርባን ባለበት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ከሁሉም የሚበልጥ ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን ለብዙዎቻችን በየቀኑ የሚሆን አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያን ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት አረጋግጠው ይሂዱ፤ ተዘግቶ መመለስ ሁለት ጊዜ ከደረሰ ሰው ይተወዋል። ግማሽ ሰዓቱን በጸሎት መጽሐፍ አይሙሉት። ጥቂት ወንጌል፣ ጥቂት ንግግር፣ የቀረው ዝምታ። ፍኖተ መስቀል 14 ማቆሚያ አለው፤ በዐቢይ ጾም ዓርብ ከማኅበረሰቡ ጋር ይጸለያል፣ ለብቻም ይሆናል።

እንግዲህ የትኛውን?

ጠዋት 20 ጸጥ ያለ ደቂቃ ካለዎትና ማንበብ ከወደዱ ቅዱስ ንባብን ይያዙ። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ጎረቤትዎ ለሶላት ይነሣል፤ በወሎ ከዚህ የተሻለ የማንቂያ ደወል አያስፈልግም፣ እርስዎም በዚያው ይነሡ። ያለዎት ጊዜ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ መቁጠሪያ። ከቤተ ሰብ ጋር ከሆነም መቁጠሪያ፣ ወይም ልጆች ካደጉ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ኀዘን ላይ ላሉ፣ ወይም ጸልዩ ሲባሉ ምን እንደሚሉ ለጠፋባቸው ዳዊት። ፈረቃዎ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ የኅሊና ምርመራ። በዶርም ለሚያድር ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ የኅሊና ምርመራን እንመርጥለታለን፤ ማንም ሳያውቅ፣ መብራት ሳያበራ፣ ጓደኛውን ሳያውክ ይጸልያል። ቦታ ሲለምድ ወደ ንባብ ይሻገራል።

አንዱን ዋና አድርገው ሌላውን ረዳት ማድረግ ይቻላል። በጣም ሲሠራ ያየነው ጥምረት ጠዋት ቅዱስ ንባብ፣ ማታ አጭር ምርመራ ነው፤ ጠዋት የያዙት ተግባር መፈጸሙን ማታው ይጠይቃል። በጣም ሲፈርስ ያየነው ደግሞ አራቱንም በአንድ ሳምንት መጀመር ነው። በመጀመሪያው ወር ዋናውን ብቻ ይያዙ።

የመረጡትን 40 ቀን ሳይቀይሩ ይያዙት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ድርቀት ይመጣል፤ ቃሉ አይጥምም፣ ደቂቃው ይረዝማል፣ ሌላው ጸሎት የተሻለ ይመስላል። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ለዚህ ጊዜ የሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው፤ በድርቀት ወቅት ቀድሞ የወሰኑትን አይለውጡ፣ ይልቁንም ከተወሰነው ሰዓት ጥቂት ይጨምሩ። 15 ደቂቃ ከነበረ 16 ይሁን። አንድ ቀን ካመለጠዎት በማግስቱ እጥፍ አይጸልዩ፤ ዕዳ የሚመስል ጸሎት ቶሎ ይጠላል። ካቆሙበት ይቀጥሉ።

ከ40ው ቀን በኋላ ሲመዝኑ የተሰማዎትን ደስታ አይለኩ። ገላትያ 5፥22-23ን ገልጠው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ትዕግሥት ከቤተ ሰብ ጋር፣ የውሃት ከሥራ ባልደረባ ጋር፣ ራስን መግዛት በምላስና በገንዘብ። በቅርብ የሚያውቅዎትን አንድ ሰውም ይጠይቁ፤ ለውጡን ብዙ ጊዜ ከእርስዎ በፊት የሚያየው እሱ ነው። ከዚያ ለኑዛዜ ሲሄዱ ለካህኑ ሦስት ነገር ይንገሩ፤ የትኛውን ጸሎት እንደያዙ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነልዎ፣ እና ብዙ ጊዜ የሚያቋርጡት የት ቦታ ላይ እንደሆነ። በእነዚህ ሦስቱ ካህኑ ይቀጥሉ ወይም ይለውጡ ብሎ ሊመክርዎት ይችላል።